ጫማው የጠበባት ሰሞን

መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋ እንደጠበባት ነው። አባቷ ሳይሞት የገዛላት ቀይ የፕላስቲክ ጫማ ነበር፤ ሲገዛው ስለሰፋት ጥጥ ወትፈን ነበር የምናደርግላት። ሁዳዴ ሲጋመስ ጥጡን አወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ ጫማው ራሱ አልገባ አለ። «ልጅቱ አደገች» አልሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ደስ ያለኝ ነገር ያ ብቻ ይመስለኛል።

ልጄ ማሪቱ ያኔ ዓመት ከመንፈቅ አልፏት ነበር። የምንኖረው ቢቸና ነው። ባለቤቴ እህል ነጋዴ ስለነበር ጓዳችን ጤፍ ሞልቶበታል። ይህን የምናገረው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ነውሩ ያለው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ሐዘን ሊጠይቁ የሚመጡ ሴቶች ጉንጯን እየነኩ «እንኳን እሷ ተረፈችልሽ፤ ይኸው ወፍራለች» ይሉኝ ነበር። ጎረቤቴ ሙሉ «ቁርጥ አባቷን፤ የእሱም ፊት እንደ ሙልሙል ዳቦ ነበር እኮ» ብላ አሳቀችን። እውነትም ፊቷ ክብ ሆኖ ነበር። ነገር ግን መጫወት ትታለች። ካስቀመጥኋት ቦታ አትነቃነቅም። እሷም አባቷን አዝና ነው አልሁ።

የምትበላውን ልናገር። ጡት ያስጣልኋት አባቷ የሞተ ሰሞን ነው፤ ያዘነች ሴት ወተት ልጅ ያሳምማል ሲባል ሰምቼ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ለባለቤቴ ነፍስ ብዬ ተሳልሁ። እስከ ፋሲካ ድረስ እንኳን ልቀምሰው፣ የፍስክ ነገር ቤቴ አይገባም፤ ድስቴንም አይነካም። ላሚቱን ማለብ ተውሁና ወተቱን ጥጃዋ ጠጣችው። ለልጅቱ እንቁላል ልቀቅል ብል ድስቱ የፍስክ ሊሆንብኝ ነው። ስለዚህ ጠዋትም ሽሮ ፍትፍት፣ ማታም ሽሮ ፍትፍት። ትንሽ ጎርሳ ፊቷን ታዞራለች። አላባብላትም ነበር። እኔም አልበላም ነበርና።

አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽኗ የልጆችን ክንድ በሜትር እየለካች ቤት ለቤት ስትዞር መጣች። በሩ ላይ ቆሜ «ተኝታለች» አልኋት። አልተኛችም። ከጀርባዬ መደብ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ክንዷ መቅጠኑን ሳጥባት አይቻለሁ። ሜትሩ የረሃብ ምልክት በሆነው ቀዩ ላይ ቢቆም መንደሩ የሚለውን አውቀዋለሁ፦ «የእህል ነጋዴው ልጅ በረሃብ»። የሟች ስም የሚጠበቀው በሚስቱ ነው ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ የጭኗ ቆዳ ይላጥ ጀመር። ጸጉሯን ሳበጥር እጄ ላይ ቀረ። ውኃም እምቢ አለች።

ቢቸና ሐኪም አለ። ከቤቴ በእግር ይደረሳል። እኔ ግን ሞጣ ወሰድኋት። የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ስንዱ እዚያ ስለምትኖር፣ ለጎረቤት እሷን ልጠይቅ ነው አልሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ልጅቱን በነጠላዬ ሸፈንኋት። በደብረ ወርቅ በኩል ያን ሁሉ መንገድ ስንሄድ ያስጨነቀኝ መሞቷ አልነበረም። መታየቷ ነበር። ይህችን አረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

እትዬ ስንዱ ነጠላውን ገልጣ አየቻት። ቤትም አላስገባችኝ። «አንቺ፣ ይህች ልጅ ዓይኗ ደክሟል እኮ» ብላ ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ወሰደችን።

የተቀበለችን ሲስተር ከአርሲ ተመድባ የመጣች፣ ነገር የማታለሳልስ ሴት ነበረች። የማሪቱን እግር ያዘች። አውራ ጣቷን በእግሯ ጀርባ ላይ ተጭና ጥቂት ቆየች። አነሳች። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«ወፍራ መስሎን ነው» አልሁ።

«ውፍረት ጉድጓድ አይሠራም፣ እናት። ይህ ኢዴማ ነው፤ ውኃ ነው። ምን ትበላለች?»

«ሽሮ።»

«ወተትስ?»

«ጾም ነው።»

«ለእሷ?»

ነጠላዬን ጎትቼ እግሯን ሸፈንሁ።

«ላም የላችሁም?»

«አለች። ለጥጃዋ ትቼላት ነው።»

«እሺ። ጥጃዋ ደኅና ናት ማለት ነው።»

እትዬ ስንዱ ተቆጣች። «ሲስተር፣ ሐዘንተኛ ናት እኮ፤ ባሏን ቀብራ ነው!»

«ሌላ እንዳትቀብር ነው የምናገራት» አለች ሲስተሯ።

ዶክተሩ አያትና «ከባድ የምግብ እጥረት። አሁኑኑ ትተኛለች» አለ። ትድናለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ዛሬን እንለፍ» አለኝ።

ኤፍ ሰባ አምስት የሚባል ወተት አዘዙላት። በኩባያ። ትንሽ፣ ትንሽ። ስለቴን በገዛ እጄ አፈረስሁ። ጥቂቱ ወተት በጥቁር ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ጨምሩላት ብዬ ለመንሁ። «በአንዴ ካጠገብናት ልቧ አይችለውም፤ ቀስ ነው» አለች ሲስተሯ።

ከዚያ ኪሎዋ ቀነሰ። እየጠጣች ቀነሰ። ሚዛኑ ላይ አየሁት። «እየሞተችብኝ ነው» አልሁ።

«ውኃው እየወጣ ነው። ልጅሽን አሁን ነው የምታዪያት» አለችኝ።

አየኋት። ክቡ ፊት ሄደ። የአሮጊት ፊት መጣ። ጎድኗ ወጣ። ክንዷ በሁለት ጣቴ ተከበበ። ሴቶቹ ሁሉ የመረቁት፣ እኔም የኮራሁበት ውፍረት ውስጥ ይህች ልጅ ነበረች።

አንድ ቀን ጠዋት ኩባያውን ከአፏ ሳነሳ በእጇ ያዘችው፤ ስከለክላት፣ በሰነበተው ደካማ ድምጿ ሳይሆን በደኅና ልጅ ቁጣ፣ ክፍሉ እስኪያስተጋባ ድረስ ጮኸች፤ ሲስተሯም ከወዲያ ሆና «ይህን ልቅሶ ነበር የምንጠብቀው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ከኤፍ ሰባ አምስቱ ወደ ኤፍ መቶ፣ ከእሱም ፕላምፒ ነት ወደሚሉት የለውዝ ምግብ ተሸጋገረች፤ ፋሲካንም እዚያው ሞጣ ዋልንና፣ እትዬ ስንዱ እንቁላል ቀቅላ ስታመጣ ማሪቱ አስኳሉን በልታ ነጩን ለአክስቷ አጎረሰቻት።

ቢቸና ስመለስ ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ። «ሰባት ዓመት ላልሞላት ሕፃን ጾም ማን አዘዘ ልጄ? የድስቱ ነገር ከሆነ፣ ለእሷ ትንሽ ድስት ለዪላታ» አሉኝ። እንዲህ ቀላል ነበር። ምነው ቀድሜ በጠየቅኋቸው።

ከዚህ በኋላ ግን እፍረቴ ለቀቀኝ ብላችሁ አትመኑኝ። የፕላምፒ ነቱን ከረጢት ከጤፉ ሥር ደብቄ፣ በር ዘግቼ ነበር የማበላት። ሰው ሲጠይቀኝ «ሞጣ ብርድ መትቷት ነው የከሳችው» እላለሁ።

አንድ ቀን ጎረቤቴ ሙሉ ትንሹን ልጇን አዝላ መጣች። አውርዳ መደቡ ላይ አስቀመጠችው። «የማሪቱ ውፍረት ዞሮ እኛ ቤት ገባ» አለችኝ እየሳቀች። «እዪልኝ እግሩን፣ ካልሲ አልገባ ብሎታል።»

እግሩን አየሁ። እሷ ወሬዋን ቀጥላለች። ብናገር፣ ማታውን መንደሩ ሁሉ ይሰማል። አጠገቡ ተቀመጥሁና አውራ ጣቴን እግሩ ላይ ተጫንሁ። አነሳሁ። ጉድጓዱ ቀረ።

«ሙሉ» አልኋት፤ «እኔ ሞጣ የሄድሁት እትዬ ስንዱን ልጠይቅ አልነበረም።»

ሁሉን ነገርኋት። ከጤፉ ሥር ከረጢቱን አውጥቼ አሳየኋት። አልሳቀችም። ልጁን አዘለች፤ እኔም ማሪቱን ሳልሸፍን አዘልሁና በገበያው መካከል አልፈን ጤና ጣቢያ ሄድን። የእሱ ፈጥኖ ስለተደረሰበት መተኛት ሳያሻው በተመላላሽ ዳነ። በር ላይ የመለስኋትን ኤክስቴንሽን እዚያው አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷም ሜትሯን አውጥታ የማሪቱን ክንድ ለካች።

ሲስተር፣ ይህ ጽሑፍ ቢደርስዎ፣ ስለ ጥጃዋ የነገሩኝ ቃል አሁንም ያመኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ዝም ካለ ጨዋ ሆነ አትበሉ። በድንገት ከወፈረ ሁለቱንም እግሩን ተጫኑ። ጉድጓድ ከቀረ ቤት ውስጥ በወተት ልታክሙት አትሞክሩ፤ በቅርባችሁ ወዳለው ሐኪም ሂዱ። በቅርባችሁ ወዳለው። ሐዘን ላይ ያለች ጎረቤት ካለቻችሁም ከእሷ ጋር አልቅሳችሁ ብቻ አትሂዱ፤ ልጇ ምን እንደበላ ጠይቋት።

ማሪቱ አሁን ትሮጣለች። ሞጣ ከዳነች በኋላ ሰፍቷት ጥጥ መልሼ የወተፍሁበት ቀይ ጫማ ዘንድሮ ጠቧታል። ስታወልቀው አውራ ጣቴን እግሯ ላይ እጫናለሁ፤ አልተውሁም። «ኮረኮርሽኝ» ትላለች። ጣቴን ሳነሳ ሥጋዋ ይመለሳል።