የምራታችን ስም

ወንድሜ ፈረንጅ ሲያገባ እናቴን ያስጨነቃት የሙሽራዋ ሃይማኖትም ምግብም አይደለም፤ ስሟ ነው። ከጉሮሮ ተነስቶ አፍንጫ ላይ የሚያልቅ ስም! እናቴ ሁለቴ ሞክራ «ወዲያ! ምላሴን ልትሰብረው ነው» ብላ ተወችው። መላ ግን አላጣችም። እኛ ላስታዎች ዘንድ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች፤ እሷም የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራም። እናቴም በመልሱ ማግሥት ጎረቤቱን ሰብስባ ደስ የሚል ያገራችንን ስም አወጣችላት፣ እልልታው ቀለጠ። ልጅቱ ሳቀች፤ እኔንም ታላቅ ነኝና «እትዬ» ማለት ጀመረች። ወንድሜ እንኳ እናታችንን ላለማስቀየም ቤት ውስጥ በዚያው ስም ይጠራታል።

አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ፣ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ ቢያንስ እኔ በራሷ ስም ብጠራት ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። አማት ያወጣችው ስም ተጥሎ ሰው ምን ይለናል ብዬ በሳቅ አለፍኳት። ዳግመኛ አላነሳችውም። ሰውን ፈርቼ መሰላችሁ? ስሙን አበላሽቼ እንዳይሳቅብኝ ነው። እኔ ደግሞ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ፈረንጆቹ የእኔን ስም ሲያንሻፍፉት ፊቴ አቁሜ ደጋግሜ አስብላቸዋለሁ። አያሳፍርም?

ለገና አባቷ መጡ። ሸምገል ያሉ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ገና ደጃፉን ሳያልፉ እናቴን በስሟ ጠርተው እጅ ነሷት፤ የእኔንም ፈረንጆቹ የሚያንሻፍፏትን ፊደል ሳይስቱ ጠሩት። ለካ መንገዱን ሙሉ ወንድሜን እያስደገሙ ሲለማመዱት ነው የመጡት። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም። ጠላ እንድትቀዳ ምራቷን ተጣራች፣ እኛ ባወጣንላት ስም።

ልጅቱ «አቤት» ብላ ከጓዳ መጣች፤ ጋኑ አጠገብ ጎንበስ ብላ መቅዳት ጀመረች። አባቷ ወደ ወንድሜ ዞረው ማን ተብላ እንደተጠራች ጠየቁት። አንገቱን ደፍቶ አስረዳቸው። እሳቸው አልተቆጡም፤ ምነው በተቆጡ ኖሮ። ዝግ ብለው የተናገሩትን ወንድሜ ለእኛ ተረጎመልን።

«እናቷ እሷን ስትወልድ ነው የሞተችው። ስሟን ለልጇ ሰጠሁላት።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝም ማለቱ ግን የባሰ መሰለኝ፤ የልጅቱን ጀርባ እያየሁ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ የራሷን ስም ጠራሁት። ጠማማ ሆኖ ወጣ፣ ግን ራሱ ነው።

ቀና አለች። በቋንቋቸው አንድ ቃል መልሳ ወደ አባቷ ዞረች፤ የጠሯት እሳቸው መስለዋታል። እሳቸውም በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ።