የእትዬ ዘነበች የገና በጎች

ባለፈው ሳምንት ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ልጄ ቤት ስገባ የዱቄት ሙጫ ሸተተኝ። የስንዴ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ሲወፍር፣ ሥሩ ሊያር ሲል የሚያወጣው ሽታ ነው፤ የዳቦም አይደለም፣ የገንፎም አይደለም። የሦስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት «ለገና የሚሰቀል ጌጥ ከቤት ሠርታችሁ ኑ» ተብላ መጥታለች። የተገዛው ማጣበቂያ ደርቆ ሲገኝ ልጄ ዱቄት ጣደች። እኔ ስደርስ ኮከቡን ቆርጣ፣ ቀለም ቀብታ፣ ብልጭልጭ ነስንሳበት ልትጨርስ ምንም አልቀራትም። ሕፃኗ ጥግ ይዛ ስልክ ታያለች።

«ተማሪዋ ማን ናት?» አልኳት።

«እማዬ በቃ፣ እሷ ብትሠራው ምን ሊመስል ነው? የሌሎቹ እናቶች የሚልኩትን ብታዪ እኮ!»

«እንግዲያው ሽልማት ካለም ለእናቶቹ ይስጧቸው» ብዬ መቀሱን ቀማኋት። ተኮራረፍን። ሙጫው ግን እዚያው ይንተከተካል፤ ሽታው ይዞኝ ስልሳ ዓመት ወደኋላ ሄደ፤ ቂርቆስ፣ እትዬ ዘነበች ቤት።

ግቢያችን ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነበር። በአንድ በር የምንገባ ዘጠኝ ቤተሰብ ነን፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የማያፈራ የኮክ ዛፍ። እትዬ ዘነበች መጨረሻ ያለችው ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሥራቸው ማተሚያ ቤት ወረቀት ማጠፍ ነው። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ከእጥፋቱ ብዛት እንደ ቀንድ ጠንክሮ ነበር፤ ሲቆጡ በዚያ ጥፍር ጠረጴዛውን ኳ ያደርጉታል፣ ግቢው ሁሉ ጸጥ ይላል። ባል አላየንባቸውም፣ ልጅ አላየንባቸውም። ክፍላቸው የላምባና የኅትመት ቀለም ሽታ አላት። ጠርዙ የተላጠ ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ፣ አልጋ ሥር ደግሞ ከሥራ ቦታ ተፈቅዶላቸው የሚያመጡት የካርቶን ቁርጥራጭ፤ ንብረታቸው ይኸው ነበር ብል አልዋሽም።

የገና ጾም ሲጋመስ ያን ካርቶን ያወጣሉ። በእያንዳንዱ ላይ በግ ይነድፉና ይቆርጣሉ፤ ጆሮውም እግሩም ደንበኛ በግ ነው። ከዚያ ሰሌናቸውን ደጅ ላይ ዘርግተው የግቢውን ሕፃናት ይጠራሉ። መቀስ የሚያስይዝ ዕድሜ ላይ ያልደረሱትን ብቻ ነው የሚጠሩት። ለእያንዳንዱ አንድ በግ፣ ከየቤቱ የተለመነ አንድ ጭብጥ ፍሬው የወጣ ጥጥ፣ መሐል ላይ አንድ ጣሳ ሙጫ። ጣት ሙጫ ውስጥ ይነከራል፣ በጉ ላይ ይለቀለቃል፣ ጥጡ ይለጠፋል። ሥራው ይኸው ነው። ሲያልቅ ከጀርባው የልጁን ስም ይጽፉና ጭድ የተነጠፈበት የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ከካርቶን ከሠሩት የጌታ ግርግም ፊት ያቆሙታል። ገናን የማያከብሩት የጎረቤታችን ልጅ ከድር እንኳ በየዓመቱ በግ ነበረው። አንዴ ሙጫውን ሲልስ እናቱ ደንግጣ ብትጮህ፣ እትዬ ዘነበች «ተዪው ይላስ፣ ዱቄትና ውሃ ነው፤ የእኔን ጾም እንኳ አያስፈታም!» ብለው አሳቋት።

እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ስለዚህ ውሃ እቀዳለሁ፣ ጭድ አመጣለሁ እንጂ በግ የለኝም። ወንድሜ ታዬ ግን ሦስት ሊሞላው ነው፤ በግ ይገባዋል። ታዬ ክፉ ትኩሳት ታሞ ከዳነ ወዲህ ቀኝ እጁ ዝሎ ቀርቶ ነበር። ሰው «የማን ኃጢአት ነው?» ይል ነበር፤ እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ጀርባ ታስቀምጠዋለች፣ ስትወጣም በነጠላዋ ሸፍና ታዝለዋለች። በጎቹ ሲሠሩ «ለእሱ አይሆንም፣ ይሳቅበታል» ብላ ከለከለችው። ሕፃናቱ ደጅ ሲንጫጩ እሱ መጋረጃውን ገልጦ ያያል። ይህ አንጀቴን በላው። ሁሉም በግ ሲኖረው የእኔ ወንድም ለምን ይቅርበት?

ካርቶኑን ከእትዬ ዘነበች ተቀብዬ ገባሁና በጉን እኔው ሠራሁለት። ጥጡን አፍታትቼ፣ ደራርቤ፣ ሳይዛነፍ። እንዲያ ያለ በግ ግቢው አይቶ አያውቅም። እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው።

«ማን ሠራው?»

«ታዬ።»

አገላብጠው አዩት። «ያምራል። የአንቺ በግ በጣም ያምራል። የታዬስ የታለ?»

እሳቸው በዚያ ጥፍራቸው ጥጡን ከጫፉ ይልጡት ጀመር። ባዶ ካርቶን እስኪሆን ላጡት። እኔ ጮህኩ። «ግፍ ነው! እሱ አይችልም! የሁሉም ሲቆም የእሱ ሊቀር ነው?»

«አይችልም ያለሽ ማን ነው?»

«እናቴ።»

«ግፍስ እሱ ነው» አሉኝ። «ነገ ይዘሽልኝ ነይ። በጉን አይደለም፣ ልጁን።»

በማግስቱ እናቴ ገበያ ስትወጣ ታዬን አዝዬ ወሰድኩት። ብትደርስብኝ እንደምትገርፈኝ አውቄያለሁ። እትዬ ዘነበች ሰሌኑ ላይ አስቀምጠውት፣ ካርቶኑ እንዳይሸሽበት አንዱን ጫፍ በድንጋይ ያዙለት። በግራ እጁ ሙጫውን ነከረ። ጥጡ ጣቱ ላይ ተጣበቀ እንጂ በጉ ላይ አልያዝ አለ። አራግፎ አራግፎ አለቀሰ። እጄን ስሰድ በጥፍራቸው ጣቴ ላይ ኳ አደረጉኝ፤ እስካሁን ይሰማኛል።

«እርጂው አላልኩሽም!»

«እያለቀሰ እኮ ነው!»

«ያልቅስ። ሌሎቹም አልቅሰዋል።»

እውነትም ከድር እንኳ ባለፈው ቀን ሲነፋረቅ ነበር፤ ማንም አልሠራለትም። ታዬ አልቅሶ ወጣለትና እንደገና ነከረ። ፀሐይዋ ከኮኩ ዛፍ ጀርባ ስትገባ አንዲት ብጣቂ ጥጥ በጉ ራስ ላይ ያዘች፤ ሌላዋ ጅራቱ ላይ። ሆዱ ራቁቱን ነው።

ቀና ስል እናቴ ዘምቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። እትዬ ዘነበች ከተቀመጡበት አልተነሡም።

«ግቢ እንጂ። ዓይኔ ደከመ፣ በጎቹን ቁጠሪልኝ እስቲ፤ የጎደለ አለ?»

እናቴ ቆጠረች። «አሥራ አንድ ናቸው፣ እትዬ።»

«ሕፃናቱስ?»

እናቴ ግቢውን በሐሳቧ ዞረች መሰለኝ፣ ቆይታ «አሥራ አንድ» አለች። ከዚያ ራቁቱን በግ አየችው። «ይሄኛው የማን ነው?»

ታዬ በግራ እጁ ደረቱን መታና «የኔ!» አለ፤ ጥጡ ደረቱ ላይ ቀረ። እናቴ ልትስቅ ጀምራ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። አልገረፈችኝም። የገና ዕለት ዘመድ ሁሉ ሲመጣ መጋረጃው ተሰብስቦ ነበር፤ ታዬ በጉን ለየእንግዳው እያሳየ ሲዞር ዋለ። አንድ አጎታችን እጁን አይቶ ከንፈሩን ሊመጥ ሲል፣ እናቴ «በጉን ነው ያሳየህ፣ እሱን እይለት!» አለችው። እናቴ በሰው ፊት እንዲያ ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነበር።

ታዬ ካዛንቺስ ውስጥ ቁልፍ ሲቀርጽ አርባ ዓመት ኖረ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ የታሰረ ሞርሳ ነክሶ ይይዝለታል፣ በግራ እጁ ይሞርዳል። እኔም አግብቼ ወጣሁ፣ ግቢያችንም ፈረሰ። እትዬ ዘነበች ጡረታ ሲወጡ አገራቸው ገቡ ተባለ። ከዓመታት በኋላም አረፉ ሲባል በሰው ሰማሁ። አገራቸው የት እንደሆነ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

የሙጫው ነገር ሌሊቱን አላስተኛኝ ስላለ በማግስቱ ለታዬ ደወልኩለት። ስማቸው በጸሎት ይነሣልን ብለን ቂርቆስ ተሳለምን። ካህኑ ብዕራቸውን አውጥተው «የክርስትና ስማቸው?» አሉን። ስልሳ ዓመት እትዬ ዘነበች ስንል ኖረናል። ካህኑ «ጠይቃችሁ ኑ» አሉ በደግነት። ማንን እንጠይቅ?

ታዬ ወጥቶ ጧፍና ክብሪት ገዛ። ጧፉን ግድግዳው ጥግ አቁሞ የክብሪቱን ቀፎ በቀኝ ብብቱ አጣብቆ በግራው ጫረ። ነፋሱ አጠፋበት። ሁለተኛውንም አጠፋበት። አንዲት ወጣት ፈጠን ብላ መጣችና «አባባ፣ ልለኩስልዎት?» አለች።

ክንዷን ያዝኳት። «ተዪው፣ ልጄ» አልኳት፤ «ይለኩሳል።»

ሦስት ሆነን ቆምን። ሦስተኛው ክብሪት ያዘ።