የእትዬ አልማዝ ሎሚ ላይ ያረፈችው ሙሽራ

ካዛንቺስ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አትክልተኛ ሆኜ የገባሁ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ መኮንን የውኃ ጎማ አስያዙኝ። በሩ አጠገብ ካለችው ትንሽ ሎሚ ጀመርኩ። ቅጠሏ ላይ የወፍ ኩስ ነበር። ላጥበው ስል ኩሱ ተራመደ። ጎማውን ጥዬ ሮጥኩ።

ጋሽ መኮንን እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። «ትል ነው። ወፍ እንዳይበላው ኩስ መስሎ ነው እኮ። ገና ምኑን አይተሽ» አሉኝ።

እውነትም ምኑንም አላየሁም። ትሉ ሲያድግ ቆዳውን ጥሎ አረንጓዴ ሆነ። በጣቴ ነካ ባደርገው ከራሱ ላይ ለሁለት የተከፈለ ቀይ ቀንድ አወጣና የሚከረፋ ሽታ ለቀቀብኝ። ጣቴን የማያህል ፍጡር እንዲህ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም። ፈራሁት፤ ወደድኩትም።

የቤቱ ባለቤት እትዬ አልማዝ ግን በእጃቸው የተከሏት ሎሚ መላጣዋን ልትቀርባቸው ነው። «አባጨጓሬ ነው፤ በቃ፣ መድኃኒት ይረጭ» አሉ።

«አባጨጓሬማ ጨጓር አለው። ይሄ ልሙጥ ነው» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ጨጓር ኖረውም አልኖረውም፣ የበላው የኔን ሎሚ ነው።»

ደግነቱ የጠሩት መድኃኒት ረጪ ነገ ዛሬ እያለ ቆየ። በዚህ መሀል ትሉ መብላት ተወ፤ ግንዱ ላይ ወገቡን በቀጭን ክር አስሮ ደረቅ ቅጠል መሰለ።

«ይሄ ደሞ ምንድነው? ቆርጠሽ ጣይው» አሉኝ እትዬ አልማዝ።

«እንዲህ ሲሆን ሙሽሬ ይባላል» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ሙሽራ?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ ከጫጉላዋ እንዴት ትወጣለች? ተዪያት።»

ረጪው ፓምፑን አዝሎ የመጣው የሙሽሬው ቅርፊት በተሰነጠቀበት ጠዋት ነው። ከውስጡ የወጣችው ነገር እርጥብና ጭምድድ ያለች ነበረች። ሰውዬው ቱቦውን ሲያነሳ እትዬ አልማዝ ፊቱ ቆሙ። «ቆይ ልጄ፤ ሙሽራዋ እየለበሰች ነው።»

ክንፎቿ ቀስ እያሉ ተዘረጉ፦ ጥቁር፣ ቢጫ ነጠብጣብ የሞላበት፤ በኋለኞቹ ላይ ቀይና ሰማያዊ ዓይን የመሰለ ክብ፤ እንደ አንዳንድ ቢራቢሮ የክንፍ ጅራት የላትም። ይቺ የሎሚ ቢራቢሮ ከተማው ሁሉ የሚያውቃት ናት፤ እኔም ልጅ ሆኜ አባርሬያታለሁ። ያን ጠዋት ግን እንባዬ መጣ።

«ከኔ ሎሚ?» አሉ እትዬ አልማዝ፣ ድምፃቸው ቀንሶ። ቢራቢሮዋ በአጥሩ ላይ አልፋ ሄደች። ረጪውን ቁርስ አብልተው ሸኙት።

ሎሚዋ መልሳ አቆጠቆጠች። አሁን አለቃ እኔ ነኝ፤ ለአዲስ ገቢ የምነግረውም ይህንኑ ነው፦ ቢራቢሮ የሚወድ የተበላ ቅጠል ይታገሣል።