የፖምፓው ብሎን በአንድ ሰዓት

ማክሰኞ ጠዋት፣ አዳማ

ወደ አቦምሳ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። የጉዞዬ ምክንያት የእህቴ የአስካለ አሮጌ ትራክተር ነው። ዳገቱ ላይ ማረሻውን መጎተት ስላቃተው፣ ጉልበት የሚጨምርበትን ዘዴ ለሾፌሯ ለገመቹ በስልክ ነግሬው ነበር፤ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ናፍጣ የሚወስነውን የፖምፓውን ብሎን በጥቂቱ ማዞር። ትናንት ግን አስካለ ደውላ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እንደሚተፋ፣ ውኃውም እንደሚፈላ ነገረችኝ። ዝናቡ ቀርቧል፤ እስከ ቅዳሜ ካልታረሰ መሬቱን ለሌላ አራሽ በእኩል ልትሰጥ ነው።

ዴራ ላይ ተሳፋሪው ፓፓያ ሊገዛ ሲወርድ፣ እኔ ለገመቹ ምን እንዳልሁት ለማስታወስ ታገልሁ። «ትንሽ ብቻ» ያልሁ ይመስለኛል። ዛሬ ዛሬ ግን ትዝታዬን ያለ ምስክር አላምነውም። ዘዴውን ያነበብሁለት የማስተማሪያ ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ለመግለጥ ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ አቦምሳ

አስካለ ማሳው ዳር ተቀበለችኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ትራክተሩን ሲጋራ አስጀመርኸው» አለችኝ። ገመቹ ግን አልሳቀም፤ ሰው ሁሉ ሞተር አቃጠልህ ብሎታል።

«ብሎኑን የት አቆምኸው?»

«እርስዎ ባሉኝ ላይ ነዋ፣ ጋሼ። የብሎኑ ራስ ላይ ያለውን ነጥብ አንድ ሰዓት ላይ።» የእጅ ሰዓቱን አሳየኝ። «ጠዋት በአንድ ሰዓት አጭሩ ዘንግ የት ነው? ሰባት ቁጥር ላይ።»

ደብተሬን ገለጥሁ። በራሴ እጅ «ነጥቡ አንድ ሰዓት ላይ» ተብሎ ተጽፏል። ከፈረንጅ መጽሐፍ ቃሉን ተርጉሜ ሰዓቱን ሳልተረጉም ቀርቻለሁ። ቁጥር አንድ ላይ መቆም የነበረበት ነጥብ ከግማሽ ዙር በላይ ሄዷል። ጽሑፉን ለሁለቱም ጮክ ብዬ አነበብሁና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ።

ገመቹ ፊቱ ፈታ አለ። «ስድስት ሰዓት ቢሉኝ ኖሮ ከላይ እንደነበረ እተወው ነበር» አለ።

ረቡዕ

ሞተሩ አድሮ ቀዝቅዟል። ፊልትሮውን አጸዳን፤ ነጥቡን ወደ መነሻው መልሰን በጥቂት በጥቂቱ አዞርን። በመጀመሪያው ሙከራ ትራክተሩ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ጠፋ። በሁለተኛው ጫፉ ሲቀረው ተንፈራገጠ። በሦስተኛው፣ ነጥቡ ቁጥር አንድ ላይ ሳለ፣ ማረሻውን እንደሰመጠ ይዞ ወጣ፤ ጭሱ ሳሳ፣ ውኃውም አልፈላም። ገመቹ ትንሽ እንጨምር አለ፤ እኔ ከለከልሁ።

አዳማ

ሐሙስ ቤቴ ገባሁ። ቅዳሜ አስካለ ደውላ ማሳው ታርሶ ማለቁን፣ መሬቱም በእጇ መቅረቱን አበሠረችኝ።

ለብዙ ዓመታት የእርሻ መሣሪያ ሳስተምር ተማሪዎቼ «ገብቶናል» ሲሉ አምኜ አልፍ ነበር። «እስቲ አሳየኝ» ያልሁት አንድም ተማሪ ትዝ አይለኝም። ምነው በዚህስ ትዝታዬ ተሳስቶ በሆነ።