የዓለምሰገድ ጀብዱ ከዌምብሊ ጀርባ

በስደት ዘመኔ ሰው የሚኖርባቸውን ብዙ ዓይነት ሥራዎች አይቻለሁ። የሕግ ምሩቅ ሆኖ የሆቴል አንሶላ የሚቀይር፣ ሻለቃ ሆኖ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ፣ ዲያቆን ሆኖ አሳማ የሚበልት አውቃለሁ። ከሁሉም ግን እንደ ዓለምሰገድ ሥራ ያሳቀኝ የለም። ለዓለምሰገድ ደመወዝ የሚከፈለው በአብዛኛው ቁጭ ብሎ ስለሚጠብቅ ነበር። ጓደኞቹ እንደ ኮርማ ሲዋጉ እሱ ካፖርቱን ደርቦ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሲጠሩት ካፖርቱን ያወልቅና ይገባል፣ አንዲት ኳስ ይመታል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። አሜሪካኖች ይህንን እግር ኳስ ይሉታል። ኳሷ ክብ አይደለችም፤ በእግርም የሚነካት እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ልጁ የድሬዳዋ ልጅ ነው። የአንድ ፋብሪካ ቡድን ግራ ተመላላሽ ነበር፤ ቅጣት ምት ሲገኝ የሚጠራው እሱ ነበር ይላሉ። በቀይ ሽብሩ ጊዜ የባቡሩን መስመር ተከትሎ ጅቡቲ ገባ፣ ከጅቡቲ ለንደን መጣ። የተዋወቅነው ክሮይደን፣ የኢሚግሬሽን ቢሮ ወረፋ ላይ ነው። ከንጋት ጀምሮ ቆሞ ከመስኮቱ ሊደርስ ሲል ዞር ብሎ አየኝና፣

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለኝ።

እንግሊዞቹ አብዷል ብለው አዩት። እኔም በልቤ ይህ ልጅ እዚህ አገር አይበረክትም አልኩ። ተቀደምኩ ብሎ የሚጮህ እንጂ ቅደሙ የሚል ሰው ለንደን ውስጥ ቦታ የለውም።

እሱ ግን በረከተ። ሃርልስደን አንድ ክፍል ተከራየ፤ ጸዳለ የምትባል፣ ሆስፒታል የምታጸዳ የአስመራ ልጅ አገባ፤ ምግብ ቤት ሳህን ማጠብ ጀመረ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው አቅራቢያ መናፈሻ ውስጥ የእኛ ሰዎች ለኳስ ይሰበሰባሉ። ይሰበሰባሉ ነው ያልኩት፤ ይጫወታሉ አላልኩም። ያ ጊዜ ሰው ሁሉ የአንድ ድርጅት አባል፣ ካልሆነም ከአንዱ የተባረረ ነበር። ዳኛ መምረጥ እንኳ የመስመር ጥያቄ ሆነ። አንደኛው ወገን የሚያምነውን ዳኛ ሌላኛው አድኃሪ ይለዋል። አገር እናስተዳድራለን ብለው የተሰደዱ ሰዎች በአንድ ፊሽካ ላይ ሳይስማሙ ይመሽና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እንዲህ ሲከራከሩ ነው እንግዲህ ከጎናቸው ከሚለማመድ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ያመለጠችው ያቺ ሞላላ ኳስ ተንከባልላ ዓለምሰገድ እግር ሥር የደረሰችው። ክርክሩ አሰልችቶት ነበርና በግራ እግሩ መለሳት። ኳሷ በሰዎቹ አናት ላይ አልፋ፣ የቆመውን አውቶቡሳቸውን አልፋ፣ መንገድ ማዶ ወደቀች። አሠልጣኛቸው፣ አንገት የሌለው አሜሪካዊ፣ ወደኛ እየሮጠ መጣ። የእኛ ሰዎች ሊመታን ነው ብለው ተበተኑ፤ በዚያ ቀን የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ሽሽቱ ነበር። ሰውየው ግን የዓለምሰገድን እግር ነው የፈለገው።

ቡድኑ ደመወዝ የሚከፍል ቡድን ነበር። ዓለምሰገድ በማግስቱ ሳህን አጠባውን ተወ፤ ሲወጣም ለባለቤቱ ስለ ምግቡና ስለ ጠባዩ የሚያስበውን ሁሉ ነገረው። ወደዚያ ቤት መመለስ አይቻልም ማለት ነው። ደመወዙ ከሳህኑ ብዙም አይበልጥም ነበር። ጸዳለ ስትነግረኝ ግን፣ «ጋሼ፣ ማታ ሲተኛ እግሩን ከብርድ ልብስ አውጥቶ ያየዋል» አለችኝ። ያ እግር አገሩን፣ ስሙንና ቡድኑን ካጣ በኋላ የቀረው ዲግሪ ነበር። እኔ የራሴን ዲግሪ እንደዚያ ወጣ አድርጌ አይቼው አላውቅም።

የማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ንዋይ ይህን እንደሰማ በየስብሰባው፣ «ልጃችን ዌምብሊ ይጫወታል» ማለት ጀመረ። ንዋይ አገር ቤት የአውራጃ ጸሐፊ የነበረ፣ እዚህ የሚያስተዳድረው አውራጃ ሲያጣ እኛን ያስተዳደረ ሰው ነው። እርግጥ ሜዳው ዌምብሊ ነው፤ ግን ከትልቁ ስታዲየም ጀርባ፣ በመጋዘኖች መካከል ያለ፣ የእንጨት መቀመጫው የበሰበሰ ሜዳ ነው። በስታዲየሙ ጥላ ሥር መጫወትና በስታዲየሙ መጫወት ለንዋይ አንድ ነው። አብዛኛው የስደት ዝና እንዲህ ነው የሚሠራው።

ሥራው አንድ ችግር ነበረበት። ከነጥብ በኋላ ኪከሩ፣ ማለትም እንደ ዓለምሰገድ ያለው መቺ፣ ኳሷን ወደ ተቃራኒው ቡድን አርቆ ይመታል። ከዚያ ማዶ አንዱ ይቀበላትና ይዞ ይሮጣል። ጓደኞቹ ሁሉ ካልያዙት፣ የመጨረሻው አጥር ኪከሩ ራሱ ነው። ዓለምሰገድ በሁለተኛው ጨዋታ አጥር ሆነ። ሯጩ ሲመጣበት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብሎ አሳለፈው። በሩን የከፈተለት ነበር የሚመስለው፤ ግባ ጌታዬ ማለት ብቻ ነበር የቀረው።

ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንድ ጊዜ ደግመህ መንገድ ከለቀቅህ ካፖርትህን ይዘህ ትሄዳለህ» አለው። ቦታውን ለመውሰድ የሚጠባበቅ፣ ራግቢ የሚጫወት ቀይ እንግሊዛዊ አጠገቡ ተቀምጦ ጫማውን ያስር ነበር።

«ምን ነካህ?» አልኩት ወደ ቤት ስንሄድ።

«ጋሼ፣ ሰውየው በሬ ያህላል። እኔ ኳስ ልመታ ነው የተቀጠርኩት።»

«አብሮ የሚመጣውን አልነገሩህም?»

«ነግረውኛል። እግሬ ግን ራሱ ነው ዞር የሚለው። ሰው ሲቸኩል መንገድ ይለቀቅለታል እንጂ ይጠለፋል እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«እየጸለይኩ ነው» አለኝ። «አርቄ ከመታሁ እኔ ጋ አይደርስም።»

ጸዳለ አጠገባችን ነበረች። «እኔ ደግሞ ሳህን ቤቱ እንዲመልስህ እየጸለይኩ ነው» አለች። «የማን እንደሚሰማ እናያለን።»

የሚቀጥለው ጨዋታ ቀን ንዋይ ማኅበሩን ሰብስቦ መጣ። ባንዲራ ይዘው ሊመጡ ነበር፤ አንበሳ ያለበት፣ የደርግ አርማ ያለበት ወይስ ልሙጥ በሚለው ላይ ስላልተስማሙ፣ ኤርትራውያኑም በሦስቱም ስላልተስማሙ፣ ያለ ባንዲራ መጡ። ያዘንብ ነበር። እኔና ጸዳለ ከሜዳው ጥግ ካለው የብረት አጥር ተደግፈን ቆምን።

ዓለምሰገድ ያን ቀን አልሳተም። አንድ ጓደኛው ተንበርክኮ ኳሷን ይይዝለታል፣ እሱ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ይመታል፤ ኳሷ በረጃጅሞቹ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ታልፋለች። በመጨረሻም በእሱ ምት የእነሱ ቡድን መራ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኳሷን ወደ ተቃራኒው መታላቸው። ከማዶ አንድ ረጅም አሜሪካዊ ተቀበላትና መጣ። አንዱን ጣለ፣ ሁለተኛውን ዘለለ፣ ሌሎቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ወደቁ። በእኛ በኩል፣ ከአጥሩ አጠገብ፣ ከዓለምሰገድ በቀር ማንም አልቀረም።

«ቁም በለው» አለች ጸዳለ ለእኔ፤ እኔን የሚሰማኝ ይመስል።

የዓለምሰገድ ትከሻ ወደ ጎን ዘወር ማለት ሲጀምር አየሁ። ሊለቅለት ነው። ያኔ ሰውየውን እርጥቡ ሣር አዳለጠውና በደረቱ ተዘረጋ። ማንም አልነካውም። በእነሱ ሕግ ማንም ሳይነካው የወደቀ ሰው ተነስቶ መሮጥ ይችላል፤ መሬት ላይ ሳለ ተቃራኒው እጁን ካሳረፈበት ግን ሩጫው እዚያው ላይ ያበቃል። ሰውየው ኳሷን እንዳቀፈ በጉልበቱ ሊነሣ ሲል ዓለምሰገድ፣

«እኔን» አለና ጎንበስ ብሎ ክንዱን ያዘ። ሊያነሣው ነበር።

ዳኛው ነፋ።

አጠገቡ ነበርኩና በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ሲደናቀፍ አይቶ እኔን የማይል ከእኛ ውስጥ ማን አለ? አንተን የመታህ እኔን ይምታኝ ማለት ነው፤ ነገር ግን ማንም አስቦ አይለውም፣ እንደ ማስነጠስ ነው። ወዳጅ ይሁን ጠላት አንጠይቅም። ከወደቀ በኋላ እኔን የምንለውን ያህል ከመውደቁ በፊት ብናስብለት ኖሮ ሌላ አገር ይኖረን ነበር። ሰውየው ግራ ገብቶት ክንዱን መነጨቀ። ዓለምሰገድ በእንግሊዝኛ ተጎዳህ ወይ ብሎ ሊጠይቀው ሲል የራሱ ጓደኞች በደስታ ተከመሩበት። ከሥራቸው ሲወጣ ፊቱ ላይ የነበረው ድንጋጤ እንጂ ድል አልነበረም። አሠልጣኙ ጉንጩን በሁለት እጁ ይዞ አንበሳ አለው።

ንዋይ በሚቀጥለው ሳምንት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግብዣ አደረገ። «ያንን ግዙፍ ሰው፣ ወንድሞቼ፣ በአንድ እጁ ነው መሬት ላይ ያነጠፈው» አለ።

ዓለምሰገድ ተነሣ። ይህን ልመስክርለት፤ የመጀመሪያውን ቀን እውነቱን ተናግሯል። «አዳልጦት ነው» አለ። «ሊነሣ ሲል ላግዘው ብዬ ነው የያዝኩት።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። «ትሕትናውን እዩልኝ» አለ ንዋይ። «ጀግና እንዲህ ነው።»

ያኔ አገር ቤት ያለው ሬዲዮ ያልተገኘ ድል ሲያውጅ እኛ እዚህ ተሰብስበን እናፌዝ ነበር። ይህንን ያመንነውም እኛው ነበርን፤ ድሉ የእኛ ሆኖ ሲመጣ ማን ይመረምራል? ከዚያ በኋላ ሲጠይቁት ዓለምሰገድ ዝም ይል ጀመር። ዝምታውም ቀስ እያለ ፈገግታ ሆነ። በወሩ፣ «መምጣቱን አይቼ ጠበቅኩት» ሲል ሰማሁት። ሳህን የሚያጥብ ሰው የሚዋሸው ውሸት ትንሽ ነው፤ ጀግና የተባለ ሰው ግን የሚዋሸው ለራሱ ነው።

«ዓለምሰገድ» አልኩት አንድ ቀን፣ «እኔ እኮ አጥሩ ላይ ነበርኩ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ፍልስፍና ነው የተማሩት» አለኝ። «ሜዳ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው።»

ወረፋውን የለቀቀልኝ ልጅ ነው እንዲህ ያለኝ።

አሠልጣኙም አመነ። ማስጠንቀቂያውን ረሳና ዓለምሰገድን የሚያግዝ ሰው ከኋላው ላቁም አላለም፤ አንበሳ ጠባቂ አያስፈልገውም። የወቅቱ መጨረሻ ጨዋታ ላይ እንግዲህ አንዱ እንደገና ኳሷን ይዞ በመካከል ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ሣሩ ደረቅ ነበር። ዓለምሰገድ ዞር አላለም። ጸዳለ፣ «ልቀቅለት» አለች፣ በትግርኛ፣ ለራሷ። እሱ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሯጩ አላዳለጠውም። በላዩ ላይ ነው ያለፈው፤ ወደ ኋላም አላየ፣ ሥራው ሩጫ ነውና። የዓለምሰገድ ግራ ጉልበት ሲሰበር ድምፁ እኛ ድረስ መጣ።

ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ገቡ። ተሸክመውት ወደኛ ሲመጡ የፊተኛው ዳር ላይ የተወጠረው ገመድ ጠለፈውና ተንገዳገደ።

«እኔን» አለ ዓለምሰገድ፣ ከቃሬዛው ላይ፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ።

ጸዳለ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

ቦታውን ይጠባበቅ የነበረው እንግሊዛዊ የዓለምሰገድን ካፖርት የለበሰው እዚያው ጨዋታው ሳያልቅ ነው። አሠልጣኙ ሆስፒታል አንድ ጊዜ መጥቶ ጉልበቱን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ አንበሳ የሚለውን አልደገመውም። ንዋይ አልመጣም፤ በስብሰባ ላይ ግን ጉዳቱ የደረሰው አገርን በማስጠራት ላይ ሳለ ነው ብሎ ቃለ ጉባኤ አስይዟል።

ዓለምሰገድ ደጋግሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የዚያን ቀን፣ የዝናቡን ቀን፣ ምን ነበር ያልኩት?»

«እኔን ነው ያልከው።»

«አዎ» አለ፣ የጠፋ ዕቃው እንደተመለሰለት ሰው። «ጸዳለም እንደዚያ ነው የምትለው።»

እያነከሰ ለሥራ አመለከተ፣ አገኘም። አሁን በእውነት ዌምብሊ ነው የሚሠራው፤ ትልቁ ስታዲየም ውስጥ። ተመልካቹን እንዲጠብቅ ብጫ ሰደርያ ያለብሱትና ደረጃው ሥር ያቆሙታል፤ ጀርባውን ለሜዳው፣ ፊቱን ለሕዝቡ። ዞሮ ጨዋታውን ማየት ክልክል ነው። ሰማንያ ሺህ ሰው የሚጮህለትን፣ ከኋላው ያለውን ነገር አያውቀውም። ንዋይ ይህንንም ሰምቶ፣ «አላልኳችሁም? ዌምብሊ ነው» አለ።