ለእታለም እግር የመረጥኩት

ባለፈው ሳምንት ፋርማሲ ውስጥ ተራ ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት ለእናቱ ጫማ ውስጥ የሚገባ የውስጥ እግር መደገፊያ ሲገዛ ሰማሁ። ሻጯ «እግራቸው ጠፍጣፋ ነው ወይስ ጎድጓዳ?» ብላ ጠየቀችው። «እንጃ፤ ብቻ ጠንካራውን ስጪኝ» አላት። እኔም በእሱ ዕድሜ ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ለዚህ ያበቃችኝ ታላቅ እህቴ አስካለ ናት፤ እኔ «እታለም» ነው የምላት። እናታችን ካረፈች በኋላ የበግ ፀጉር እየፈተለች፣ ፈትሉን በየገበያው ቀን ተሸክማ የሦስት ሰዓት መንገድ እየተጓዘች አስተማረችኝ። የመንዝ መንገድ ደግሞ ለእግር አይራራም፤ ክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ጠጠሩ ይዋጋል። ከገበያ ስትመለስ ውስጥ እግሯን በቅቤ ስታሽ አያት ነበር። አያለሁ እንጂ ምንም አልልም።

ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ አንድ ሱቅ ውስጥ መደገፊያ ተደርድሮ አገኘሁ። ከሁሉም መሀሉ ከፍ ያለውን፣ እንደ ቀንድ የጠነከረውን መረጥኩ። ብዙ የሚያነሳ ብዙ የሚያሳርፍ መስሎኝ! ስሰጣት ሸራ ጫማዋ ውስጥ አስገብታ ወዲያ ወዲህ አለችበት። «ተባረክ፤ እግሬ ነፍስ ዘራ» አለችኝ። ያን ሰሞን እንደኔ የኮራ ሰው አልነበረም።

በኅዳር አንድ የገበያ ቀን፣ ገብሱ እየታጨደ፣ ብርዱ ጆሮ እየቆረጠ፣ ሸክሟን ላግዛት ብዬ ከከተማው ወጣ አልኩ። እታለም ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃለች፤ ውስጥ እግሯ መሀሉ ላይ ቆስሎ ቀልቷል። መደገፊያዎቹን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ጫማዋ ውስጥ ልትከታቸው ስትል ደረስኩባት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

ደነገጠች። «ከተማ ልገባ ስል ነው የማደርጋቸው» አለች። «እንድታያቸው ብዬ።»

«እየጎዱሽ? ለምን አልነገርሽኝም?» ጮህኩባት። የተናደድኩት በራሴ ነበር፤ ያረፈው ግን እሷ ላይ ነው።

ከመቋጠሪያዋ የገብስ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ፤ ልጅ ሆኜ ሳለቅስ እንደምታደርገው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ደስታህን አይቼ በምን አፌ ልንገርህ? ደግሞስ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ ብለህ መች ጠየቅኸኝ?» አለችኝ።

ሸክሙን አንስቼ ገበያው ዳር ወደሚቀመጡት ጫማ ሰፊ፣ ወደ ጋሽ በየነ ወሰድኳት። ሽማግሌው እኔን ዞር ብለውም አላዩኝ። እግሯን በውሃ አርሰው ካርቶን ላይ አስቆሟት። ውስጥ እግሯ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታተመ፤ ክፍት የቀረ ቦታ የለም።

«አየሽ ልጄ፣ እግርሽ ለጥ ያለ ነው» አሉ። «ይኼ ያደረግሽው ደግሞ ጉብታ ነው። ላንቺ ዝቅ ያለና ለስለስ ያለው ነው የሚበጅሽ።»

ከአሮጌ ባና፣ ከዚያው ከአገራችን በግ ፀጉር ከተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ቆርጠው ደራርበው ሰፉ፤ ከሥሩ ስስ ቆዳ ለጠፉበት። ገበያውን ዞራ እንድትመለስ አዘዟት። ተረከዜን ገፋኝ ስትል ወደ ፊት ሳቡት፤ ዳግመኛ ዞራ ጣቴ ተጨነቀ ስትል ከላዩ ቀነሱላት። በሦስተኛው መጥታ ሁለት እግሯን አስተካክላ ቆመች።

«እንዴት ነው?» አልኳት። በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ እግሯ ከልቤ የጠየቅኳት የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር።

«አይገፋኝም» አለች፤ «ያዝ ያደርገኛል እንጂ።»

ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቁስሉ ግን ደረቀ፣ እርምጃዋም ተስተካከለ። ባናው በሳሳ ቁጥር ጋሽ በየነ ሌላ ይሰፉላት ነበር። እኔ የገዛሁትን ግን አልጥልም ብላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው።

መስጠት ለወጣት ቀላል ነው፤ ሲሰጥ የሚያየው ራሱን ነውና። የሚወዱት ሰው የት ላይ እንደሚያመው ማወቅ ግን ጎንበስ ማለትን ይጠይቃል። እታለም ዛሬ አርጅታለች፤ አሁንም እዚያው አገር ቤት ናት። ስደውልላት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለኛለች።

«እሱስ ይመስገን፤ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» እላታለሁ።

ትንሽ ትስቃለች። ከዚያ ከጉልበቷ ትጀምራለች።