ፎቶ ኮፒው ፊቷን የበላባት ጀግና

ቦንጋ እንግሊዝኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ትምህርት ቤታችን ከውጭ አገር አንድ ካርቶን የእርዳታ መጻሕፍት ደረሰው። አብዛኞቹ ስለ በረዶ ስፖርትና ስለ ውሻ አመጋገብ የሚያስረዱ ነበሩ። ከሥራቸው አንድ ባለ ሥዕል ታሪክ ተገኘ፤ ኮሚክ የሚሉት ዓይነት። ጀግናዋ ጥቁር ሴት ናት። ከሰማይ የሚወርዱ የብረት መርከቦችን በባዶ እጇ ትቀልብና መልሳ ትወረውራለች፤ ጥይት ደረቷ ላይ ሲያርፍ እንደ ባቄላ ይረግፋል። በጠቅላላው ሁለት ከተማ ይፈርሳል። ጠብ የሌለበት ገጽ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሳሙና ማስታወቂያ ነው።

በዚያ ዕድሜዬ ከአራት መቶ ገጽ የሚያንስ መጽሐፍ አላከብርም ነበር። ኮሚኩን ያነበብኩት የቋንቋ ክፍሉ ኃላፊ «ይኼ የሕፃን ማታለያ ነው፤ ይጣል» ስላሉ ነው። «ይቀመጥ» ብለው ቢሆን ኖሮ እኔው እጥለው ነበር። አንብቤ ስጨርስ ለአሥረኛ ክፍል ላስነብበው ቆረጥኩ። ተማሪዎቹ ሰባ ናቸው፤ አምስት አምስት ሆነው ሲቧደኑ አሥራ አራት ኮፒ ያስፈልጋል። መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት።

ከሰዓት ስመለስ የቤቱ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ወረቀቶቹን ፊት ለፊቴ ዘረጉልኝ። ወራሪዎቹ፣ መርከቦቹ፣ ፎቆቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል። ጀግናዋ ግን ከአንገቷ በላይ ድፍን ጥቁር ሆናለች። ዓይን የላት፣ አፍንጫ የላት።

«እትዬ፣ ምነው?»

«ማሽኑ ጠቆር ያለ ፊት አይወድም፣ መምህር። የመታወቂያ ፎቶም እንደዚሁ ነው የሚያደርግብኝ። ላሳሳው ስል ጽሑፉ አብሮ ይጠፋል።»

«ታዲያ የሰዉ መታወቂያ እንዴት ይሆናል?»

«ማን ያየዋል ብለው ነው!»

ክፍል ውስጥ ሳድለው ተማሪዎቹ ጀግናዋን ከጥላዋ መለየት አቃታቸው። መላ ያመጣችው ከማንኪራ የገጠር ቀበሌ የመጣች፣ ትምህርት ዘግይታ ስለጀመረች ከጓደኞቿ በዕድሜ ከፍ ያለች ልጅ ናት። ቦንጋ ቤት ተከራይታ እየተማረች ዓርብ ዓርብ በእግሯ አገሯ ትገባለች። «ቲቸር፣ ፍሉድ ካለዎት እኔ ፊት አወጣላታለሁ» አለችኝ። ፍሉድ ያ የጽሑፍ ስህተት የሚሸፍኑበት ነጭ ቀለም ነው። ጥቁሩ ላይ ቀባችው፤ ሲደርቅ በእስክርቢቶ ዓይንና አፍ ሠራችበት። ሌሎቹም ተከተሏት። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ አሥራ አራት ጀግኖች ነበሩን። አንዷ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ዓይኗ ፊቷን ሞልቶታል፤ አንዷ የሒሳብ መምህሩን ቁርጥ ነበረች። የማንኪራዋ ልጅ የሣለቻት ግን ግንባሯን ቋጥራ ጥርሷን የነከሰች ናት።

ዋናውን አሳየኋት። «እዚህ እኮ መርከቡን ተሸክማ ትስቃለች።»

«ሸክም የያዘ ሰው ይስቃል እንዴ፣ ቲቸር?»

«ልዩ ኃይል አላታ!»

«ኃይል ቢኖራትስ? የሣለው ሰውዬ ተሸክሞ አያውቅም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከማንኪራ ቡና አዝላ ገበያ የምትወጣ ልጅ ነች።

ኮሚኩ ሕይወቷን ለወጠው ልል አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር የሚጻፈው ለእርዳታ ሰጪ በሚላክ ሪፖርት ላይ ነው። እንዲያውም ችግር ውስጥ ከተታት።

የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ ለመምህርነት ሥልጠና አበቃት። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ረፋድ ላይ ዝናብ እንደመታት የመምህራን ማረፊያ ድረስ መጣች።

«ቲቸር፣ አንቀበልም አሉኝ። ዛሬ ካልተመዘገብኩ አለቀልኝ።»

የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ለእሷ ዝም ብሎ መጠበቅ አልነበረም። ታላቅ እህቷ «አንድ ዓመት ብቻ» ተብላ አገር ቤት ገብታ በዚያው ቀርታለች። ወደ መመዝገቢያው ቢሮ አብሬያት ሄድኩ።

መዝጋቢው ደከም ያሉ፣ ትሑት ሰው ነበሩ። የመታወቂያዋን ኮፒ በመስኮቱ አሳዩኝ። ፎቶው ቦታ ላይ ፍሉድ ተቀብቶ በእስክርቢቶ ፊት ተሥሎበታል። የራሷ ፊት ነው፤ ያውም በደንብ ይመስላል።

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አንቀበልም፣ መምህር። ነገ ኦዲት ይመጣል።» ወደ እሷ ዞሩ። «ለመሆኑ ፊትሽን ሣዪ ያለሽ ማነው?»

«ማስታወቂያው ነዋ፣ ጋሼ! ‹ፎቶው በግልጽ የሚታይ ኮፒ› ይላል። አልታይ ሲለኝ እንዲታይ አደረግሁት። ስሜን አልነካሁም፤ ቁጥሩንም አልነካሁም።»

ማስታወቂያው ከጀርባችን ተለጥፏል። ከዚያ ሁሉ ተመዝጋቢ አንብቦ የታዘዘው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። መዝጋቢው ዋናውን መታወቂያ አይተው «አንቺው ነሽ» ብለዋታል፤ ማህደር ውስጥ የሚቀረው ግን ኮፒው ነው። ሌላ ኮፒ እንዳናነሳ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም።

ያን ጊዜ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ክምር አየሁ። ከላይ ያለው ኮፒ ፊቱ ድፍን ጥቁር ነው፤ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ እንዴት ተቀበሏቸው?»

«ማንም አልነካቸውማ!»

ስለ ሰነድ ምንነት ንግግር ልጀምር አፌን ስከፍት ልጅቷ እጄን ያዝ አደረገችኝ። «ጋሼ፣ ብፍቀውስ?»

ሰውየው አሰቡ። «ካልቀደድሽው።»

ከፀጉሯ ሽቦ ነቅላ ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ አስተኛችና መፋቅ ጀመረች። ዓይኖቹ ሄዱ፤ አፍንጫው ሄደ። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት መዝጋቢው ከውስጥ በሁለት ጣታቸው ያዙላት። «ቀስ! እዚህ ጋ ሳስቷል» ይሏታል፤ ከእሷ ይልቅ የፈሩት እሳቸው ነበሩ። አገጩ ሲለቅ ከሥሩ ጥቁሩ ብቻ ቀረ። ነጩን ብናኝ እፍ ብለው አራገፉ፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፣ «አሁን ተስተካከለ» አሉና ከዋናው ጋር መመሳከሩን የሚመሰክረውን ማኅተም መቱበት።

እኔ ተቃጥያለሁ። «ፊትሽን በገዛ እጅሽ አስፋቁሽ እኮ!» አልኳት።

«ቲቸር፣ ደግሞ ያኮርፋሉ እንዴ?» ማኅተሙን እንዳይነካ በጣቷ ዙሪያውን ይዛ እፍ እያለች ታደርቀዋለች። «ፎርም የሚሰጥበት መስኮት ለምሳ ሊዘጋ ነው!»

ውኃ ያቆረውን ግቢ እየዘለለች ሮጠች። እኔ ለጫማዬ ደረቅ ደረቁን እየመረጥኩ ስደርስ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ መስኮቱን ልትዘጋ ትታገላለች፤ ልጅቷ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ፣ ፎርሙን ይዛ፣ ግንባሯን ቋጥራ አልለቅም ብላለች።